«ትልቅ ፊልም ነው» የተባለውን ፊልም ፈርታችሁ ለሌላ ቀን ለምታስተላልፉ፦ ከፍላሽ አውጥቶ የማየት ዝርዝር መመሪያ

ፍላሻችሁ ላይ «በኋላ የሚታይ» የሚል ፎልደር አለ አይደል? ውስጡ ሽልማት የጠራረገ፣ ጓደኛ «ሳታየው እንዳትሞት» ያለለት ፊልም ተኝቷል። ማታ ትከፍቱታላችሁ። ርዝመቱን ታያላችሁ። ትዘጉታላችሁ። ከዚያ የምታውቁትን ኮሜዲ ትደግማላችሁ።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ሰው የማይሆነውን ፊልም፣ በማይሆን ሰዓት፣ ባልተፈተሸ ፋይል ይጀምርና «እኔ እንዲህ ዓይነት ፊልም አይሆነኝም» ብሎ ይደመድማል። ይህ መመሪያ በተለይ ከከተማው ዳር ለምንኖር ነው፤ ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቦሌ አራብሳ ሰው። እኛ ጋ የታክሲው ሰልፍ፣ የመብራቱና የውኃው ነገር ያልገባበት የፊልም ምክር አይሠራም።

ደረጃ 1፦ ምኑን እንደምትፈሩ ለዩ

ወረቀት አምጡና የፊልሙን ስም ጻፉ። «ይደብረኛል» በቂ መልስ አይደለም። ከታች ካሉት ውስጥ የእናንተን ምረጡ።

*ርዝመቱ ከሆነ።* ይሄ ቀላሉ ነው። ለሁለት ቀን ክፈሉት። የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰቨን ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፤ ፊልሙ ራሱ መሃል ላይ ዕረፍት አለው። እነሱ ያረፉበት ቦታ ላይ እናንተም ብታርፉ ማንም አይታዘባችሁም።

*ዝግታው ከሆነ።* «ቀርፋፋ ፊልም አልችልም» የሚሉ ሰዎች የቱርክ ተከታታይ ድራማ ላይ ሁለት ሰው ሲተያይ ሙዚቃው እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አያለሁ። ስለዚህ ዝግታውን ትችሉታላችሁ። ድራማው ላይ ሙዚቃው «አሁን እዘኑ፣ አሁን ፍሩ» እያለ ይመራችኋል። ብዙዎቹ ተሸላሚ ፊልሞች ግን ዝም ይላሉ፤ የምታዩትን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ። አፈላለጉን ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

*ማንበቡ ከሆነ።* እውነቱን እንነጋገር። የኮሪያ ወይም የኢራን ፊልም ስናይ ከሥር የሚመጣው ጽሑፍ (ሰብታይትሉ) አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለገባ ሰው ይሄ ሌላ ሥራ ነው። ጽሑፉን ስትከታተሉ የተዋናዩ ፊት ያመልጣችኋል። መፍትሔው ወሬ የሌለበት መጀመር ነው። «ዘ ሬድ ተርትል» የተባለው የ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የአኒሜሽን ፊልም 80 ደቂቃ ነው፤ አንድም ንግግር የለበትም። የቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» 87 ደቂቃ ነው፤ የሚነበበው ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

*ሐዘኑ ከሆነ።* ይህን ፍርሃት አክብሩት። «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ የአገራችን ፊልም ነው፤ ጉዳዩ ጠለፋ ነው። ነገሩ በእናንተ ወይም በቅርብ ሰው ላይ የደረሰ ከሆነ «ትልቅ ፊልም ነው» የሚል ሁሉ እንዲገፋፋችሁ አትፍቀዱ። ከለቅሶ በተመለሳችሁበት ሳምንትም ከባድ ፊልም አትክፈቱ። ሌሎቹን ፍርሃቶች ተጋፈጡ እላለሁ፤ ይሄኛውን አልልም።

*«ባይገባኝስ?» ከሆነ።* ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ታሪኩ ሁለት መስመር ብቻ አንብቡ። ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ ሰው የሚጠፋው ጊዜው ወደኋላና ወደፊት ስለሚዘል ነው። ይህን ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ነው፤ ያለፈው ሕይወቱ እየተቆራረጠ ይመጣበታል። ይህን ካወቃችሁ መዝለሉ አያስደነግጣችሁም።

ከሁለት በላይ ፍርሃት የተመዘገበበት ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። አስቀምጡትና ሌላ ምረጡ።

ደረጃ 2፦ ከአናት አትጀምሩ

«የምንጊዜም ምርጥ» የሚል ዝርዝር አግኝቶ አንደኛውን ማውረድ የተለመደ ስህተት ነው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሐያሲያንን ድምፅ ያሰባስባል። በ2022 አንደኛ የወጣው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ነው። የተሠራው በ1975፣ ርዝመቱ 201 ደቂቃ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለሦስት ቀን ስታበስል፣ ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ ታያላችሁ። ድንቅ ፊልም ነው። ለጀማሪ መስጠት ግን ግፍ ነው።

በዚያው መጽሔት የ1952 ዝርዝር አንደኛ የነበረውን እዩ ደግሞ። የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ባይስክል ቲቭስ» 89 ደቂቃ ነው። ሮም ውስጥ አንድ ድሃ አባት ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ልጁን ይዞ ሊፈልግ ይወጣል። ታክሲ ተራ ላይ ስልኩን የተሞጨለፈ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለቱም «አንደኛ» የተባሉ ናቸው። ስለዚህ ከደረጃው በፊት ደቂቃውንና ታሪኩን ተመልከቱ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የመጀመሪያው ፊልም ከ100 ደቂቃ አይብለጥ። ከ«ባይስክል ቲቭስ» ሌላ የ1957ቱ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» አለ፤ 96 ደቂቃ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሙሉው አንድ ክፍል ውስጥ በክርክር ያልቃል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም 94 ደቂቃ ነው፤ በአማርኛ ስለሆነ ንባቡም ይቀርላችኋል።
2. ሁለተኛው እስከ 140 ደቂቃ ይሁን። «ፓራሳይት» (132 ደቂቃ) እዚህ ጋ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ያስቃል፣ ከዚያ ያስደነግጣል። «ጤዛ»ም 140 ደቂቃ ስለሆነ እዚሁ ይገባል።
3. ከዚያ በላይ የሆነውን ለሦስተኛ አቆዩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስታወቂያውን አትዩ። የዝግተኛ ፊልም ማስታወቂያ የሚቆረጠው ፈጣን እንዲመስል ተደርጎ ነው። ያንን ጠብቃችሁ ከገባችሁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የተጭበረበራችሁ ይመስላችኋል።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን በዋዜማው ፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሰው ለሁለት ሰዓት ዝግጁ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር አልገጥም ሲል ወኔው ያልቃል። ያ ወኔ በዚያው ቀን አይመለስም።

1. ፊልሙን ሦስት ቦታ ላይ ክፈቱ፤ መጀመሪያ፣ መሃል፣ መጨረሻው አካባቢ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው። የተቆረጠ ፋይል የሚታወቀው እዚህ ነው። መጨረሻው ላይ ድምፁን አጥፉና ምስሉን ብዙ አትመልከቱ።
2. የጽሑፉን ፋይል ከፊልሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና ስማቸውን አንድ ዓይነት አድርጉት። ከነጥቡ በኋላ ያለው መጨረሻ ብቻ ይለያይ። አለበለዚያ ቲቪው አያገናኛቸውም።
3. ጽሑፉ ከድምፁ ጋር መግጠሙን ሦስቱም ቦታ ላይ እዩ። ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከተዛነፈ ይስተካከላል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ክፈቱት፤ ጽሑፉ ከቀደመ «ኤች»ን፣ ከዘገየ «ጂ»ን ተጫኑ። አንድ ጊዜ ስትጫኑ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ለአንድ ሰከንድ ሃያ ጊዜ ትጫናላችሁ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ወደ መጨረሻው እየተዛነፈ ከሄደ ግን አትድከሙ። ጽሑፉ የተሠራው ለሌላ ቅጂ ነው፤ ሌላ ፈልጉ።
4. በፍላሽ ቲቪ ላይ የምታዩ ከሆነ ፋይሉን ቲቪው ላይ ራሱ ሞክሩት። ላፕቶፕ ላይ መሥራቱ ዋስትና አይሆንም። አንዳንድ ቲቪ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አያነብም፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ያኔ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ።
5. ፍላሹ ባዶ ሆኖ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ ፍላሹ በፋት 32 የተፎረመተ ነው። እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ፎርማት ማድረግ ግን ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የሠርጉን ፎቶ ቀድማችሁ አውጡ።

የአማርኛ ጽሑፍ አግኝታችሁ በፊደል ፈንታ ሳጥን ሳጥን ካሳያችሁ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት፤ ቪኤልሲ ላይ ደግሞ የጽሑፉን ፎንት ወደ ኒያላ (Nyala) ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ቀይሩ። ቲቪው ላይ ላይሠራ ይችላል። በላፕቶፕ እዩት።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ምረጡ

በሥራ ቀን ማታ አይሁን። ከሜክሲኮ ተሰልፎ፣ ቆሞ ተሳፍሮ፣ ቱሉ ዲምቱ 2 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ፊት ለፊቱ ምንም ቢደረግ ይተኛል። እንቅልፉ ስለ ፊልሙ ምንም አይናገርም።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። ምሳ ተበልቷል፣ ቡናው ተጠጥቷል፣ ለሰኞ ማሰብ አልተጀመረም። በዚያ ላይ እነዚህን አረጋግጡ፦

1. የውኃ ፈረቃችሁ ቀን እንዳይሆን። ውኃ የምትመጣበት ቀን ጆሮ ቧንቧው ላይ ነው። ገና ሲንኮሻኮሽ ጀሪካን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ግፊቱ ሳይወርድ መቅደም አለባችሁ። ፊልሙ ያቺን ሰዓት አይችላትም።
2. ግቢው ውስጥ ድንኳን እንዳይኖር። የሠርግ ከሆነ ድምፁ አያሳያችሁም። የለቅሶ ከሆነ እናንተም እዚያ ነው መሆን ያለባችሁ።
3. መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ የስክሪኑን ድምቀት ወዲያው ቀንሱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ።

ደረጃ 5፦ አብሮ የሚያየውን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን እዩ። ካልሆነ አንድ ሰው ይበቃል። «ይሄ ሰውዬ ማነው? አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» እያለ የሚጠይቅ ዘመድ እየተወደደም ቢሆን ለዚህ አይሆንም። ከእናትና ከአባት ጋር የምታዩ ከሆነ ደግሞ የዕድሜ ገደቡን ቀድማችሁ አንብቡ። ተሸላሚ መሆኑ ጨዋ ነው ማለት አይደለም፤ ሪሞት ፍለጋ የሚደረገውን ሩጫ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሲጀመር

1. ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ስቱዲዮ ከሆነ ቤታችሁ ኩሽና ይግባ። ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ እጅ ራሱ ይሄዳል።
2. የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ አትፍረዱ። ፊቶችንና ስሞችን ብቻ ያዙ። የጃፓን ወይም የኮሪያ ስም የሚምታታባችሁ ከሆነ ወረቀት ላይ «ታላቅ ልጅ፣ መነጽር ያላት፣ ጎረቤት» እያላችሁ ጻፉ።
3. ነገሩ ሲቀዘቅዝ ሥራ ይኑራችሁ። የማይናገረውን ሰው ተመልከቱ። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ስሙ። ማን ማንን እንዳላየ እዩ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ፊልሙን የሚጥለው እዚህ ነው። የያሱጂሮ ኦዙን «ቶክዮ ስቶሪ» ውሰዱ። በ1953 የተሠራ፣ 136 ደቂቃ። ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶክዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። ስለዚህ ወላጆቻቸውን ወደ አንድ የፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል። ማንም አይጮህም፣ ማንም በር አይደበድብም። ከክፍለ ሀገር የመጡ አባቱን «ትንሽ ተዝናኑ» ብሎ እህቱ ጋ ያሻገረ ሰው ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን በወጣቶች ጫጫታ እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ጠዋት ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ወደ ቤታችን እንመለስ ይባባላሉ። ሚስትየው ልትነሳ ስትል ያዞራታል፤ አንድ አፍታ ነው፣ ከዚያ ትነሳለች። ያቺን ማዞር ስልክ እያያችሁ ካመለጠቻችሁ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ዱብ ዕዳ ይሆንባችኋል። «ምንም አይከሰትበትም» የሚባለው ፊልም ነገሩን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

4. ከጠፋባችሁ ወዲያው ወደኋላ አትመልሱ። ቀጣዩን ትዕይንት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ራሱ ያብራራል።
5. ፍጥነቱን አትጨምሩ። በአንድ ተኩል ፍጥነት የታየ ዝምታ ትርጉም የለውም። ከዚያስ ባታዩት ይሻላል።
6. እንቅልፍ ከመጣ አቁሙ። ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፍላሽ ሲነቀል ብዙ ቲቪ የቆማችሁበትን አያስታውስም። ስትመለሱ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ሄዳችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ 40ኛው ደቂቃ ላይ ወስኑ

ይህን ቀድማችሁ ከራሳችሁ ጋር ተስማሙ። 40ኛው ደቂቃ ላይ ፊልሙን አቁሙና ሦስት ጥያቄ መልሱ።

1. ከሰዎቹ ስለ አንዱ «ምን ይሆን ይሆን?» ብያለሁ?
2. ነገ የማስታውሰው አንድ ነገር አይቻለሁ?
3. ቀድሞውኑ ደክሞኝ ነው ወይስ ፊልሙ ነው ያደከመኝ?

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳን «አዎ» ካላችሁ ቀጥሉ። ለሁለቱም «የለም» ካላችሁና ካልደከማችሁ ዝጉት። ከደከማችሁ ለሌላ እሑድ አዛውሩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዛወረው።

የዘጋችሁትን ፊልም ከፍላሹ ሰርዙት። ይህን የምለው ለቦታ ብዬ አይደለም። ግማሹ የታየ ፊልም እዚያው ተቀምጦ በየማታው ዕዳ ሆኖ ያፈጥባችኋል፤ የሚቀጥለውንም እንዳትከፍቱ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። «አየሁት ለማለት» ብቻ ጥርስ ነክሶ መጨረስ ደግሞ አይጠቅምም። የምታስታውሱት ጥርሱን ብቻ ነው።

ጨርሳችሁት ከሆነ ያኔውኑ ኢንተርኔት ላይ የሰው አስተያየት አትፈልጉ። አሳድሩት። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚመጣላችሁ ትዕይንት የእናንተ ነው።

ችግር ሲገጥም

*ሙዚቃው ይጮሃል፣ ንግግሩ አይሰማም።* ድምፁ ለብዙ ስፒከር የተሠራ ነው፤ የእናንተ ሁለት ብቻ ነው። ኢርፎን አድርጉ፤ በዚያውም የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ያርፋል።

*መብራት ጠፍቶ ባትሪውም አለቀ።* ደቂቃውን ጻፉ። መብራት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቢመጣ ለመጨረስ አትነሱ። በነጋታው ወይም በቀጣዩ እሑድ ጨርሱት። ሳምንት ካለፈ ግን ከመጀመሪያው ጀምሩ።

*ፊልሙን የሰጣችሁ ጓደኛ ጠየቃችሁ፣ እናንተ ደግሞ ትታችሁታል።* «እስከ 40ኛው ደቂቃ አየሁት፣ አልያዘኝም» በሉት። «አሪፍ ነው» ብላችሁ ከዋሻችሁ የዚያኑ ዳይሬክተር ሌሎች አምስት ፊልሞች ይጭንላችኋል።

*ቤት ውስጥ ጭራሽ አልሆነም።* ልጆች አሉ፣ እንግዳ አይጠፋም፣ ቲቪው የጋራ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፊልም ሲያሳዩ ሂዱ። ፕሮግራሙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲታይ ዝግታው ይቀላል፤ ተነስቶ መውጣትም ያሳፍራል። ከመግባታችሁ በፊት ግን የሚያልቅበትን ሰዓት ጠይቁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ ወደ ኮዬ ወይም ወደ የካ አባዶ ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው፤ ወይ አብሮ የሚመለስ የሰፈር ሰው ያዙ፣ ወይ ከተማ ውስጥ ማደሪያ ለምኑ።